ስለ ልጃቸው የተናገሩት ቃል፦ የመምህር ሣህለ ማርያም ወልደ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

መምህር ሣህለ ማርያም ወልደ ኪዳን ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ኪዳን አካሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ይመር፣ ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ በሚያዝያ ወር 1923 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላለፉ እናታቸው ከዓይናቸው ሊያርቋቸው አይወዱም ነበር። አባታቸው ግን ልጅ አደራ እንጂ ንብረት አይደለም ብለው፣ ፊደልና ዳዊት ካስተማሯቸው በኋላ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ለቅኔ ትምህርት ወደ ሞጣ ላኳቸው።

በሞጣ ቅኔ ተምረው የመጻሕፍት ትርጓሜ ጀመሩ። እዚያ ከተማሩት ሁሉ በልባቸው የቀረው ስለ ሰው ነፍስ የሰሙት ትምህርት ነበር። ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ይኸውም ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም ማለት ነው። ይህን ትምህርት ሲቀበሉ ምንም የሚያስቸግር ነገር እንዳልታያቸው፣ ችግሩ የገባቸው አባት ከሆኑ በኋላ እንደሆነ ለቤተሰባቸው ይናገሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ መንግሥት የንባብ አስተማሪ ይፈልግ ስለነበር አጭር ሥልጠና ወስደው በ1946 ዓ.ም. በሞጣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈንታነሽ መንግስቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ውበቴ ተወለደ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሴት ልጃቸው አመተ ሥላሴ ተወለደች።

ውበቴ መቀመጥም መሄድም የጀመረው ዘግይቶ ነበር። በአምስት ዓመቱ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ እነርሱንም ከቤተሰቡ በቀር የሚረዳ አልነበረም። ወላጆቹ ጠበል ወሰዱት። ሐኪም ዘንድም አቀረቡት። ዘመድ አዝማድ አንዳንዱ የወላጆቹ ኃጢአት ነው፣ አንዳንዱም ከክፉ መንፈስ ነው ይል ነበር። መምህር ሣህለ ማርያም ሁሉንም ሰምተው የትኛውንም አልተቀበሉም። አንድ ነገር ብቻ ወሰኑ። ልጁ እየቆረበ፣ ከሌላው ልጅ ጋር እኩል ያድጋል አሉ። ሰባት ዓመት ሲሞላው እጁን ይዘው ወስደው በራሳቸው ክፍል አስቀመጡት።

የትምህርት ቤቱ ባልደረቦቻቸው ይህ ልጅ ፊደል እንደማይለይ እያወቁ ለምን እንደሚያደክሙት ጠይቀዋቸው ነበር። መልሳቸውን ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ። "ሰው ሰው የሚሆነው ሲማር አይደለም። ሰው ስለሆነ ነው የሚማረው" ነበር ያሉት። በ1963 ዓ.ም. ወደ ቢቸና ሲዛወሩም ውበቴ በአሥራ ሦስት ዓመቱ አብሮ ወደ አንደኛ ክፍል ገባ። ቁመቱ ከኋላ በተቀመጡት ላይ ሰሌዳውን ስለጋረደባቸው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በየዓመቱ ልጆች ሲያልፉ እርሱ እዚያው ስለሚቀር፣ አንደኛ ክፍል ውበቴ ካልመረቀው አይከፈትም እየተባለ በከተማው ይቀለድ ነበር። መምህሩም ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

ጅል የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን አይስቁም ነበር። ውበቴን እንዲህ ብሎ የተሳደበ ተማሪ ቢያገኙ አይገርፉትም፤ ሳምንቱን ሙሉ ምሳውን ከውበቴ ጋር እንዲበላ ያደርጉት ነበር። በዚህ ቅጣት ልጃችን ተዋረደብን ብለው ትምህርት ቤት ድረስ የመጡ እናቶች ነበሩ። ሳምንቱ ካለቀ በኋላም ከእርሱ ጋር መብላታቸውን የቀጠሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው እዚህ ለቀብር ቆመዋል።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ የአባቱን የቆዳ ቦርሳ የሚይዘው ውበቴ ነበር። ማሰሪያውን በትከሻው አንግቶ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይከተላቸዋል። ለሌላ ሰው አይሰጥም። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ላግዝህ ቢሉት ቦርሳውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ተቀምጦ አልነሣም ብሎ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ መምህራን ሁሉ በውይይት ክበብ እንዲገኙ በታዘዘ ጊዜ መምህር ሣህለ ማርያምም ይገኙ ነበር። በአንዱ ውይይት ሰውን ሰው ያደረገው ሥራ ነው ተብሎ ሲነገር ሰምተው ወደ ቤት ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። ለወይዘሮ ፈንታነሽ፣ በቤተ ክርስቲያንም በክበቡም ልጃችን ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ቦርሳ ይይዛል ብለው ነገሯቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽም እኔ ሳልወያይ አውቀው ነበር ብለው እንደመለሱላቸው በቤት ይነገራል።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ለመለየት ነዋሪውን ሰበሰበ። የውበቴም ስም ተጠራ። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሰውነቱ ጠንካራ፣ ትከሻው ሰፊ ነው። መምህር ሣህለ ማርያም ተነሥተው ልጃቸው ለዚህ አገልግሎት እንደማይሆን አስረዱ። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ "የኔታ፣ ከልጆቻችን እኩል ነው ብለው ያስቀመጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ምን ጎደለበት?" ብለው ጠየቋቸው። ሰው ሳቀ። ሌላው ሰብሳቢ ደግሞ ውኃ የሚቀዳ ሰው ስንቅ መሸከም አያቅተውም አሉ። መምህሩ፣ ልጁ የታዘዘውን ቶሎ እንደማይረዳ፣ ቢጠፋ መንገድ ጠይቆ መመለስ እንደማይችል በዝርዝር ለማስረዳት ሞከሩ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ዝርዝሩን ትተው፣ አእምሮ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ብቻ እንዲመልሱ አዘዟቸው።

ውበቴ ቦርሳውን አንግቶ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። መምህር ሣህለ ማርያም "ልጄ አእምሮ የለውም" አሉ። ስሙ ተሰረዘ።

ከአዳራሹ እንደወጡ ውበቴ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልያዘውም። አባቱ በመንገዱ በአንድ በኩል ሲሄዱ እርሱ በሌላው በኩል ይሄድ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ከእናቱ ጋር ይበላል፤ አባቱ እጃቸውን ወደ ሞሰቡ ሲዘረጉ ግን ተነሥቶ ይወጣል። ከቤተሰቡ ማንም ምክንያቱን በእርግጥ አላወቀም። ቃሉ ገብቶት ይሁን፣ የሰው ሳቅ አስደንግጦት ይሁን፣ ወይም ከዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ ነገር ይሁን አልታወቀም።

መምህር ሣህለ ማርያምን እስከ መጨረሻው ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። ለባለቤታቸው፣ "ገብቶት ከሆነ ዋሽቻለሁ። ካልገባው ደግሞ ለምን ሸሸኝ?" ይሏቸው ነበር። ዋሽተው ከሆነ ልጃቸውን በሰው ፊት በድለዋል፤ እውነት ተናግረው ከሆነ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ስለ ነፍስ ያመኑበት ትምህርት ምን ሊሆን ነው? ያን ቃል ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ልጁ የት እንደሚሆን ማሰብም አልቻሉም። ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ገብረ ኪዳን ሲናዘዙም ኃጢአቱ የትኛው እንደሆነ ለይተው መናገር አቅቷቸው ነበር። ይህ ለሰው እንዲነገር የፈቀዱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ምሽት ግን እንዲህ አሉ፦ "ተቀይሞኝ እንደሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚቀየም ሰው ያስባል።"

ልጃቸው አመተ ሥላሴ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት ትከታተል ነበር። ክረምት ስትመጣ አእምሮ እንዴት እንደሚለካ እንድታስረዳቸው ጠየቋት፤ አስረዳቻቸው። በመለኪያው ውስጥ ቅያሜ ይገባ እንደሆነ ጠየቋት። ይህን ስላላወቀች መምህሯን ጠይቃ በሚቀጥለው ዕረፍት መልሱን አመጣችላቸው። በትኩረት ሰምተው፣ መልሱ ጥሩ መሆኑን፣ ስለ ውበቴ ግን እንደማይናገር ገለጹላት። እርሷም እስከ ዛሬ ሌላ መልስ አላገኘችም።

በ1978 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሕፃናት ፊደል ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ለባለቤታቸውና ለንስሐ አባታቸው አንድ ቃል ሰጡ። ውበቴ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የመጠራት ዕድሜው ያልፋል። ያን ጊዜ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው ስለ ልጃቸው የተናገሩትን መልሰው ለመሻር ወሰኑ። ኅዳር 1980 ዓ.ም. እስኪደርስ ይጠብቁ ጀመር።

በጥቅምት ወር 1980 ዓ.ም. በደም ግፊት ምክንያት በድንገት ወደቁ። ሆስፒታል ተወስደው ሕይወታቸው ተረፈ፤ ግን ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች በአልጋቸው አጠገብ ቆመው፣ ከእንግዲህ የኔታ ሰው አይለዩም እየተባባሉ ሲያወሩ ወይዘሮ ፈንታነሽ ይሰማሉ ብለው ይቆጧቸው ነበር። እንደሚሰሙ በምን እንዳወቁ ሲጠየቁ ግን ሊያስረዱ አልቻሉም።

ከሆስፒታል በተመለሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድ ማለዳ፣ ውበቴ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቦርሳ አውርዶ አነገተ። ከዚያም በሩ ላይ ቆሞ አባቱን ያይ ጀመር። እናቱ፣ አባትህ መነሣት አይችልም አሉት። አልሄደም። መምህር ሣህለ ማርያም ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ወደ እርሱ ዘረጉ። ውበቴ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ግን አላወረደም። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ሳያቋርጥ በየማለዳው ቦርሳውን አንግቶ ይመጣ ነበር። አባቱ የማይነሡ መሆናቸውን ባለማወቁ ይሁን ወይስ ይቅር ብሏቸው፣ ቤተሰቡ ብዙ ተነጋግሮበታል፤ አልተስማማም። እርሳቸው ምን እንዳሰቡም መናገር አልቻሉም።

መምህር ሣህለ ማርያም ሕመሙ ጠንቶባቸው ቆይተው የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ የስብሰባው ነገር በቀብር ላይ ባይነበብ ይሻላል፣ ለእርሳቸውም ክብር አይሆንም ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እናታችንም ፈርተው ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን ግን፣ ሊናገሩት ሲጠብቁ አንደበታቸው ቀድሞ ተያዘ፤ ሌላ የሚናገርላቸው ካላገኙ ምን እንላቸዋለን ብለው መከሩ። እናታችንም ይነበብ አሉ። ስለዚህ መምህር ሣህለ ማርያም ወልደ ኪዳን በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት ስለ ልጃቸው የተናገሩትን ቃል ዛሬ በሕዝብ ፊት መልሰዋል። ያን ጊዜ ያን ቃል የሰማችሁትን ያህል ይህንንም እንድትሰሙላቸው ፈቃዳቸው ነበር።

በሕይወት የሚገኙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ መንግስቴ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው አቶ ውበቴ ሣህለ ማርያምና ልጃቸው አመተ ሥላሴ ሣህለ ማርያም ናቸው። አቶ ውበቴ ዛሬም ቦርሳውን አንግተው ከአባታቸው አስከሬን አጠገብ ቆመዋል። ላግዝዎ ብሎ ማንም እንዳይቀበላቸው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

የሁላችንንም ልብ የሠራ እግዚአብሔር የአገልጋዩን የመምህር ሣህለ ማርያምን ነፍስ ታስብና ትናገር ዘንድ በቅዱሳኑ መካከል ያኑርልን። እኛ ያልገባንን እርሱ ያውቃል። አሜን።