የወንድሜ ልክ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የጋሼ ሾፌሩን ነገር ልንገርህ፣ ባለፈው ስትደውል መስመሩ ተቆረጠና ሳልጨርስልህ ቀረሁ። ያ ግራ ጎናቸውን የያዛቸው ነገር ተመስገን ነው፣ እየለቀቃቸው ነው። እጃቸው ገና ኩባያ አያነሳም፣ እግራቸው ግን መታዘዝ ጀምሯል። ንግግራቸው ትንሽ ይጎተታል እንጂ ተረባቸው እንዳለ ነው። ትልቋ ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደች፤ ታናሿ ደግሞ ሥራዋን ወደዚህ አዛውራ እነሱ ጋ ገብታለች። ባለቤታቸው ከስተዋል። አይዞዎት ስላቸው፣ አውቶቡስ የለመደ ሰው ከዘራ ማስለመድ ነው የከበደኝ ይላሉ።

ይህን ያስረዘምኩት ለወሬ ብዬ አይደለም፣ ከብስክሌትህ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በመጨረሻው መልእክትህ ለዚያ ብስክሌት እየፈታታ ለሚሸጠው ሰው ስጪው፣ ማርሹንና ጎማውን ይውሰድ፣ አካሉን ይጣለው ብለኸኝ ነበር። አልሰጠሁትም። አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከላዩ ከወደቅህ ወዲህ የሰቀልክበት ቦታ ነበር የኖረው፤ ከስፌት መኪናዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ። ክር ላስገባ ቀና ስል የማየው እሱን ነው። አቧራ እንዳይጠጣ ልኩን ወስጄ ልብስ ሰፋሁለት። አትሳቅ፤ ከሙሽራ ቀሚስ ይልቅ እሱ አስቸገረኝ፣ ወገቡ የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። መኪናዬን ዘይት ስቀባ ደግሞ፣ እሱም የሚዞር ነገር አለው አይደል ብዬ አብሬ እቀባዋለሁ። ካቴናውን፣ ፔዳሉን፣ ጎማው መሀል ያለችውን ያቺን ስስ ክብ ብረት ሳትቀር። እሷንማ እስክታበራ ነበር የማሻት።

ጋሼን ቤታቸው ድረስ እየመጣች እግራቸውን የምታሠራ ነርስ አለች። የምትመጣው አስፋልቱ አልቆ የጠጠሩ ፒስታ ከሚጀምርበት ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ነው፤ በመንገዷም ሌሎች በሽተኞች አሏት። አሮጌ ብስክሌቷ ከመሀሉ ተሰበረባትና በእግሯ መመላለስ ጀመረች። ያ ጠጠር ደግሞ ለጫማ አያዝንም። ስትደርስ ጊዜው አልቆ ነው፤ ጋሼን አንድ ሁለቴ አስነሥታ አስቀምጣቸው ትሄዳለች። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረች። ጋሼ በር በሩን ሲያዩ ውለው፣ ራሴ እነሣለሁ ብለው ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራተቱ። አልተጎዱም፤ ግን ከዚያ ወዲያ መነሣት ፈሩ። "ይቅርብኝ" አሉ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። አንተም ክንድህ ታስሮ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠህ ያልከው እሱኑ ነው። ያን ቀን ማንም ያላዘዘኝን ጨርቅ ስሰፋ አመሸሁ።

ስለዚህ ለነርሷ ላውሳት ብዬ ብስክሌቱን አወረድኩት። ታዲያ አካሉ ብረት አይደለም፣ ካርቦን ነው፤ አንዴ የወደቀ ካርቦን ከውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከላይ አይታይም ያልከኝን አልረሳሁም፤ እንዲያው ሰው ላስቀምጥበት አልደፈርኩም። ልብሱን እንደለበሰ እየገፋሁ መታጠፊያው ላይ ላለው ብስክሌት ሠሪ ወሰድኩት። ሰውዬው አየውና፣ በሽተኛው ብርድ ይፈራል እንዴ አለኝ።

ከዚያ ከላይ እስከ ታች በሳንቲም ቀስ እያለ እየኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ጀመር። የተሰነጠቀ ቦታ ድምፁ ይታፈናል አለኝ። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬው አዳመጥኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነበር። መቀመጫውን ነቅሎ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ። መጫጫር እንጂ ስንጥቅ የለውም አለ። እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሊሞክረው ወጣበት። ቁልቁለቷን ወርዶ ፍሬን ቢይዝ፣ የት አባቱ ይቁም። በጫማው መሬቱን እየፋቀ ሄዶ የባልዲ ሻጯ ባልዲዎች መሀል ገባ። እሱ ደህና ነው፣ ባልዲዎቹም ደህና ናቸው፤ ሻጯ ግን እስካሁን ሰላም አትለኝም። አቧራውን እያራገፈ ተመልሶ ፍሬኑን ዘይት ያጠጣው ማነው አለ። ያቺ እስክታበራ የማሻት ክብ ብረት ለካ ፍሬኑ የሚይዛት ናት። እንዳትዝግ ብዬ ነው አልኩት።

"እትዬ፣ የስፌት መኪና ቢንሸራተት የሚበላሸው ጨርቅ ነው" አለኝ። "ይሄ ቢንሸራተት ሰው ነው።"

ክቧን ብረት አጥቦ የፍሬኑን ሸራ ሊቀይር ጎማዎቹን አወጣ።  የአንዱን ጎማ ልስላሴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና የት እንደወደቅህ ጠየቀኝ። አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምር አልኩት። ነፋስ አብዝቶ ነበር እንዴ የሚሞላው አለኝ። እንደ ድንጋይ እስኪሆን አልኩት፤ እስቲ ጫን አድርጊው እያልክ በጣቴ ታስሞክረኝ አልነበር?

ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ብስክሌት ለሁለቱም ነው የተሠራው፤ አስፋልቱንም ይሮጥበታል፣ ጠጠሩንም ይችለዋል። ወንድምሽ ግን ጫማውን አልቀየረለትም። በዚህ ቀጭን ጎማ፣ እንዲህ ተነፍቶ፣ ጠጠር ላይ እኔም እወድቃለሁ። እጁ አይደለም የከዳው በይው።"

ወንድሜ፣ ይህን ልነግርህ ነው ያን ሁሉ የዞርኩት። እጄ ከዳኝ፣ ከእንግዲህ አላምነውም ብለህ ነው መጋዘን ቆጣሪ ልትሆን የሄድከው። ስሸኝህ እንኳ ዓይንህ ከእጅህ ላይ አልተነሣም። እጅህ ደህና ነው። የከዳህ ጎማው ነው፤ ጎማ ደግሞ ይቀየራል። ሠሪው ሰፋ ያለና ጥርስ ያለው አደረገለት፣ ነፋሱንም ቀነሰው።

አሁን ነርሷ ትነዳዋለች። በሰዓቷ ትደርሳለች፣ ጋሼም የኋላ ጎማውን ትርትርታ ከሩቅ ሲሰሙ ከዘራቸውን ይፈልጋሉ። እኔም እሰማዋለሁ። አሁንም እየተሳሳትኩ፣ አንተ መጣህ ብዬ በር ልከፍት እነሣለሁ።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። ብቻ ብስክሌት መንዳቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት ያልከውን መልሰህ አስበው፤ ምን እንዳሰብክም ጻፍልኝ።

ትናንት ያ የሚፈታታው ሰው መፍቻውን ይዞ መጣ። ብስክሌቱ ሥራ ላይ ነው አልኩት። ባለቤቱስ አለኝ። ይመጣል አልኩት። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት፣ እንዳታሳብለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሼ ሾፌሩ፣ በከዘራ፣ በእግራቸው፤ ነርሷ ከኋላ ከኋላቸው። ስፌት ክፍሉ ገብተው ወንበሬ ላይ ዘፍ አሉ። ባዶውን ግድግዳ አዩና ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ክር ምንድን ነው አሉኝ። ነርሷ አጭር ስለሆነች መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ነበረብን፤ ከዚያ በፊት ግን ልክህ እንዳይጠፋ ከፔዳሉ እስከ መቀመጫው በክር ለክቼ አስቀርቻለሁ። የወንድሜ ልክ ነው አልኳቸው። ክሩን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"እኔ በአንድ እግሬ እዚህ ደርሻለሁ፤ እሱ በሁለት ጎማ ምን ያስቀረዋል በይው" አሉ።

እህትህ