የኋላው ክብደት

ውድ ወንድሜ ዊስቲን፣

እኔ ደብዳቤ መጻፍ አልወድም፤ አንተም ማንበብ አትወድም ነበር። ግን መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ ሳዋራህ ባሌ ሰምቶ «አበደች» ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ጽፌ መኪናዋ ውስጥ እተውልሃለሁ።

በድሮው የውድድር መኪናችን፣ በነጩ ፎርድ ልጀምር። ሞተሩ ከፊት፣ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ ናቸው። አንተ ደግሞ ለውድድር ይቅለል ብለህ ወንበሩን ሁሉ ነቅለህ አወጣኸው። ፍሪሲዮን በለቀቅሁ ቁጥር የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከርና ትርፋችን ጭስ ብቻ ይሆናል። ያኔ ነው በልምምድ ቀን ከጀርባዬ ገብተህ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ባለው ባዶ ወለል ላይ ቁጢጥ ማለት የጀመርከው።

«ስሚ ማርቴዜ፣ መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የእኛ ከኋላ ስለሚገፋ ይጠቅመናል። እነዚያ በፊት ጎማ የሚጎትቱት ግን አፍንጫቸው ቀና ሲል ጎማቸው መሬት መያዝ ያቅተዋል። እኔ እዚህ ከተቀመጥኩማ ማን ይደርስብናል!»

«ሥራ ፈትተህ ለመቀመጥ ሰበብ አገኘህ፣ አንተ ጆንያ!»

«ሆዴን አክብሪ! ስንት አይብ የተሞላ ፓስቲትሲ ተበልቶ የፈሰሰበት ነው።»

ልብህ ጋራዡ ውስጥ ድንገት ቀጥ ካለ በኋላ፣ በዚያው በጋ ሃል ፋር የመኪና ውድድር ሜዳ ወርጄ ተወዳደርኩ። እማዬ አልቅሳ ለምናኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። መነሻው መስመር ላይ ቆሜ መብራቱን ስጠብቅ መኪናው ከኋላው ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ፣ ልክ ሰው እንደተሳፈረበት። በስፖኪዮ አየሁ፤ ማንም የለም። አረንጓዴው በራ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ጎማው አልተሽከረከረም። አስፋልቱን ነክሶ ይዞ ወረወረኝ። ማጅራቴ ላይ ደግሞ የሰው ትንፋሽ ነበር፤ ግሪስና አይብ የሚሸት። አሸንፌ ሰው ሁሉ እየመጣ ሲያቅፈኝ፣ እኔ ዞሬ የኋላውን ባዶ ወለል አያለሁ።

ከዚያ በኋላ ከመነሻው መስመር የቀደመኝ የለም። ፈርቼ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

ሳረግዝ መኪናውን ለሲጂዊ መንደሩ ተወዳዳሪ ለኔኑ ሸጥኩለት። ብዙም ሳይቆይ መጥቶ በሩን ደበደበው።

«ከውስጡ ምን አውጥተሽ ነው የሸጥሽልኝ?»

«ምንም።»

«በእመቤታችን! ባለበት ይሽከረከራል እኮ። ጎማ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ማልታ በሙሉ ሳቀብኝ። ከኋላ የነበረ ነገር አለ፤ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ» አልኩት።

ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቴን ሲያይ ግን አማተበና ሄደ። ዳግመኛ አልመጣም።

እኔ ደግሞ የት ሄደህ ይሆን እያልኩ ተጨነቅሁ። እስከ ዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ ድረስ።

አሁን የምነዳት ትንሿ ግራጫ መኪና አንተ «የመነኮሳይት መኪና» እያልክ ከምትስቅባቸው አንዷ ናት፤ በፊት ጎማዋ ነው የምትጎትተው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ከኋላ አስሬ ወደ እማዬ ስሄድ፣ የመሊሃ ዳገት መሃል ላይ አንድ አውቶቡስ ከፊቴ ቆሞ አስቆመኝ። በጋውን ሙሉ ጎማ ያለሰለሰው መንገድ በዝናቡ ሳሙና ሆኗል። አውቶቡሱ ተነሳ። እኔም ልነሳ ስል መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ አለች። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፣ ዊስቲን። አፍንጫዋ ቀና አለ፤ የፊት ጎማዎቿ ውሃውን እየረጩ ባለበት ተሽከረከሩ፤ ቁልቁል መንሸራተት ጀመርን። ፍሬን ያዝኩ፤ አልቆመችም። ከኋላችን ድንጋይ የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ይመጣል። በስፖኪዮ ልጄን አየሁት። አልፈራም። ብስኩቱን አጠገቡ ላለው ባዶ ወንበር ዘርግቶ ይስቃል። ወንበሩ መሃሉ ጎድጉዷል።

የጭነት መኪናው ለጥቂት ዞሮ አለፈን። እኛ ከግንቡ ተጋጭተን ቆምን። ሹፌሩ ከፊታችን አቁሞ ወረደና እየሮጠ መጣ።

«ሴትዮ፣ ከኋላ ምን ጭነሽ ነው? ቂጧ መሬት ሊነካ ነው እኮ!»

ልጄን ታቅፌ አለቀስኩ።

እማዬ ቄስ መኪናዋን ጠበል ይርጭልሽ ብላኛለች። አልፈለግሁም፤ ጭራሽ እንድትሄድ አልፈልግም። ለምን ከኋላ እንደምትቀመጥ ይገባኛል። በስምህ የተጠራውን ልጅ ልታየው ነው፤ ደግሞም እንደ ድሮው የረዳኸኝ ይመስልሃል። ግን ይህቺ ያቺ መኪና አይደለችም። ራስህ ያስተማርከኝን ረሳኸው እንዴ? አንተ ከኋላ ስትጫናት ፊቷ መሬት ይለቃል። ልጁን ትገድልብኛለህ፣ ወንድሜ።

ነገም ዝናብ ነው አሉ፤ የምሄድበትም ያው ዳገት ነው። ይህን ደብዳቤ ከፊት፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ ቦርሳዬን እንኳ አላኖርበትም። ልጁን ከዚያ ሆነህ ዞር እያልክ እየው። ከኋላ ውረድልኝና ወደ ፊት ና።

ነገ ዳገቱ ግርጌ ቆማ፣ ወንበሩ ዝቅ እስኪል የምትጠብቅህ

እህትህ ማርቴዜ