የገጽ አራት ድምፅ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለሚጢዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ቀለል አለልሽ ወይ? ባለቤትሽ አዲሱ ሥራ ተስማማው? አማትሽስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ በቁመት አንቺን አልፋለች አሉኝ፤ እውነት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወገቤ እምቢ ይለኛል እንጂ ሥራ ስጀምር ይለቀኛል። ናፍቆትሽ ግን አይለቀኝም።

ልጄ፣ አንቺም ስሚኝ። ከዚህ በታች ያለውን ለእናትሽ ስታነቢላት አንድም መስመር እንዳትዘይ። የሚያሳፍር ቢመስልሽም አንብቢው፤ የሚያሳፍረው እኔን ነው።

ሚጢዬ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ አራት ጊዜ ሰማሁት። «ልጄ ታሪክሽን ከፍታ አሰማችኝ፤ ማንም ሳያነብልኝ ራሴ የጨረስኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ያንቺ ሆነ» አልሽኝ። ቀጥለሽም «መንገድ ላይ ደብተር ማግኘትሽን አንድም ቀን አልነገርሽኝም! የእኔንም የጠፋውን እንዳንቺ ያለች ልጅ አግኝታው፣ ተምራበት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ» አልሽ። እየሳቅሽ ነው ያልሽው። እኔ ግን አራቴ የሰማሁት ልስቅ አልነበረም።

መንገድ ላይ ያገኘሁት ደብተር የለም። የተማርኩበት ደብተር ያንቺው ነው። አንቺ አልጣልሽውም፤ እኔ ሰርቄሽ ነው።

አባባ አንቺን ትምህርት ቤት ሲያስገባሽ እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝና እማዬን ላስታምም ቀረሁ። አንቺ ማታ ማታ እግርሽን አጣጥፈሽ «ሀ፣ ሁ» ስትይ እኔ ሳህን እያጠብኩ ከንፈሬን ነበር የምነክሰው። አንድ ቀን ተኝተሽ ሳለሽ ደብተሩን ከቦርሳሽ አወጣሁና እህል የምንይዝበት ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ለአንድ ቀን ላየው ብዬ ነበር ብልሽ ግማሹ ውሸት ነው። በማግስቱ አልጋውን ገልብጠሽ፣ ጓሮውን አስሰሽ ስታለቅሺ እኔ ያንኑ ጆንያ ተቀምጬበት «የት ጥለሽው ይሆን?» እያልኩ አብሬሽ አዝን ነበር። አባባም «ደብተሯን ያልጠበቀች ትምህርቷን አትጠብቅም» ብሎ አስቀረሽ። የዚያን ቀን አውጥቼው ቢሆን ኖሮ በሁለት ጥፊ ያልቅ ነበር። አላወጣሁትም። ከዚህም የባሰ ልንገርሽ፤ ቤት ስትቀሪ ደስ ብሎኝ ነበር። ውኃ መቅዳት የሚያግዘኝ ሰው አገኘሁ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ «ዝርክርኳ» ሆነሽ ቀረሽ። አባባ ሲጠራሽ እንኳ በሱ ነበር። ዛሬም ድረስ የቤትሽን ቁልፍ በክር አንጠልጥለሽ አንገትሽ ላይ ታደርጊያለሽ፤ «እኔ ዕቃ ይጠፋብኛል» ትያለሽ። ልጅሽ ሰርግ ላይ ያነሣችውን ፎቶ ስትልክልኝ ክሩ ከሐብልሽ በላይ ይታይ ነበር። ሚጢዬ፣ በዕድሜሽ ሙሉ አንድም ነገር ጥለሽ አታውቂም።

ደብተሩ የት ደረሰ ትይኝ ይሆናል። የጻፍሽባቸው ስድስት ገጾች ፊደሉን አስያዙኝ፤ የቀረውን ባዶውን እኔ ሞላሁት። ካገባሁ በኋላ ባለቤቴ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስምሽን እንዳያይ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ነፍሱን ይማረውና «ሚስቴ እኮ ያለ አስተማሪ ነው ማንበብ የቻለችው» እያለ ለጎረቤት ሲኮራብኝ ኖረ፤ ሳያውቅ ሞተ።

አሁን ደግሞ ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ ልንገርሽ። በጽዳት የምሠራበትን ትምህርት ቤት ታውቂዋለሽ። የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ኮሪደር ላይ መወልወያዬን ተደግፌ የልጆች መጽሐፍ ሳነብ አገኘችኝና «እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። «ራሴ» አልኳት፤ አፌ ለምዶታል። «እንግዲያው እንዴት እንደተማሩ ለልጆቹ በድምፅዎ ይንገሩልኝ» ብላ ያዘችኝ።

ኢንተርኔት ላይ መምህራን ታሪክ የሚሠሩበት ቦታ አለ። ልጆቹ የሳሉትን እሷ በስልኳ ፎቶ ታነሣና በተራ ትደረድረዋለች፤ ከየሥዕሉ ሥር ድምፅ ይቀዳል። ልጅ ገጹን ሲከፍት ሥዕሉን ያያል፣ ጽሑፉን በዓይኑ እየተከተለ ድምፁን ይሰማል። ሲያልቅ ሊንኩ ይላካል፤ የትም ያለ መምህር ከፍቶ ያስተምርበታል። እኛ የቀዳነው በስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፍራሾቹ የድምፁን ማስተጋባት ይውጡታል አለች። ልጆቹ እኔን ያለ መወልወያ አይተውኝ ስለማያውቁ የስምንት ዓመቷንም እኔን መወልወያ አስይዘው ሥለውኛል። በዚህ በሳቅ ሞትን።

ገጽ አራት ላይ ስደርስ ግን «ደብተሩ የእህቴ ነበር፤ ሰረቅኳት» ብዬ ቀዳሁ። ከምን እንደመጣ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን በፍራሽ መካከል ተቀምጬ ለላፕቶፕ ነገርኩት። መምህርቷ መቅዳቱን አቆመች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «እትዬ፣ የሰባት ዓመት ልጆች እኮ ናቸው። ሰርቃ ተማረች፣ ተመሰገነች ብለን እንዴት እናስተምር? አገኘች ብንለውስ?» አለችኝ። አላስገደደችኝም። «እንደ ፈቀዱ» ብላ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ መለሰችው። እኔ ነኝ «አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁ» ያልኩት። የፊተኛውን ድምፅ ለማጥፋት የቱ እንደሚጫን አሳየችኝ፤ በገዛ ጣቴ ተጫንኩት። በልጅነቴ አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ያደረግሁትን ግን በምን አመካኛለሁ?

ታሪኩ ተወደደ። በማላውቃቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል አሉኝ፤ ውሸቴ ከእኔ የበለጠ አገር አየ። መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለው፤ «ልጅቷ ደብተሩን ከየት አገኘችው?» የሚል። አንዲት ተማሪ «አንድ ሌላ ልጅ ጠፍቶባት ይሆናል፤ ለምን አልመለሰችላትም?» ብላ ጽፋ ኤክስ ተደርጎባታል። ወረቀቱን ክፍል ስጠርግ ከወለል ላይ ያነሣሁት እኔው ነኝ። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት። ያን ጊዜም ትንፍሽ አላልኩም። አፌን ያስከፈተኝ የእሑዱ ሳቅሽ ነው።

ሰኞ ዕለት ወደ መምህርቷ ሄጄ ገጽ አራት ይቀየርልኝ አልኳት። «እትዬ፣ ሰው ሁሉ ወዶታል፤ ታሪክ እኮ ነው» አለችኝ። «ለእርስዎ ታሪክ ነው፤ ለእህቴ ዕድሜዋ ነው» አልኳት። ደነገጠች፤ ከእኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እኛ ጋ ያለው ይቀየራል፤ ሌሎች አውርደው የወሰዱት ግን አይመለስም። ስለዚህ ከእኛው ላይ የገጽ አራትን ድምፅም ጽሑፍም አጠፋን። አሁን ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ሥዕሉ አለ፤ የሚሰማ የለም። «ማሽኑ ተበላሸ» ይላሉ።

እንደገና ልቅዳው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ለአንቺም ይህን ሁሉ በድምፅ ልልክልሽ ሞክሬ ሦስቴ ቀድቼ ሦስቴ አጠፋሁ። ድምፅ ሲቆረጥ ጠባሳ አይተውም፤ እኔ ደግሞ መቁረጡን ለምጄዋለሁ። እንደማታነቢ እያወቅሁ በእጄ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ የሰረዝኩትን ልጅሽ ታይልሻለች።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ካልኩሽ ሳትጨርሺው «ይቅር» ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ፤ እኔም ደግሞ አንድ ነገር ወሰድኩብሽ ማለት ነው። መምህርቷ እንደነገረችኝ ካለሽበት ሆነሽ በስልክ ብትናገሪ ድምፅሽ ገጹ ላይ ይገባል። እንግዲህ ገጽ አራት ያንቺ ነው። እንደምታውቂው ተናገሪው። ሌባ ብትይኝ፣ ልጆቹ በመወልወያዬ ቢያውቁኝ፣ ኮሪደር ላይ ቢጠቋቆሙብኝ ግድ የለኝም፤ አንድም ቃል አላስቆርጥም። ዝም ካልሽም ዝምታሽ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሌላ ድምፅ አይገባበትም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ቁልፉን ረስቶ በር ላይ ሲቆም እንዳትቆጪው። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ትንሹን ልጅሽን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ይህን ያነበብሽው ልጄ፣ በርቺ። ስትጨርሺ ደብዳቤውን አጥፈሽ ለእናትሽ በእጇ ስጪያት፤ አንቺ ጋ እንዳይቀር።

ታላቅ እህትሽ

ከትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ክፍል
ኅዳር 19 ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ