ሃያኛዋ ሴት

ካስትሮ፣ ሐምሌ

ለልጄ የክርስትና እናት፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ አበልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? የፑንታ አሬናስ ነፋስ ሰው ገፍቶ ይጥላል ይላሉ፤ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? አይሌንስ እንዴት ናት? አሁን አፏን ፈትታ ለፍላፊ ሆናለች ብዬ አስባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሳኡል ቁመቱ ተመዟል፤ ጫማ ገዝቼለት ሳይጨርሰው ይጠበዋል። እናቴም ወገቧን ከማለት በቀር ደኅና ናት። ዝናቡን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ከገባ መውጣት የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የእንኳን አደረሰሽ መልእክት ብቻ ስልክልሽ ቆይቼ ዛሬ ይህን የሚያህል ደብዳቤ ሲደርስሽ “ማን ሞተ?” ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። የምነግርሽን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም፤ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ የምንፈለፍለው የባሕር ዛጎል የሚመጣበት ጀልባ ዘግይቶ ስለነበር የምሳ እረፍታችን ረዘመ። ሁላችንም በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ተቀምጠናል። ሬዲዮኑ ምክር ቤቱ ለዓመታት ስለሚጨቃጨቅበት ሕግ ያወራል፤ ሠራተኛ ወላጆች ልጅ የሚያስውሉበትን ወጪ መንግሥት ይደግፍ ወይስ አይደግፍ እያለ። ማሞቂያው ጋ የሚሠራው ሉቾ ድንቹን እያኘከ፣ “እኔ አራት ልጅ ሳሳድግ መንግሥት አንድ ዳይፐር አልገዛልኝም። አሁን የሰው ልጅ ለማሳደግ ከእኔ ኪስ የሚወስዱት በምን ዕዳዬ ነው?” አለ።

ዶኛ ኤልሲራ፣ ያው እንደምታውቂያቸው አሥራ አራት ዓመት ከዛጎል መፈልፈያው ፊት የቆሙት፣ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ “አንተ ነህ ያሳደግኸው? ጎረቤትህ አይደለሁ እንዴ? ከሥራ ገብተህ ‘ይሄኛው ስሙ ማን ነበር?’ ስትል በግድግዳው በኩል እሰማህ ነበር” አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ሉቾ ራሱ ሳቀ።

ዳፍኔ ግን አልሳቀችም። ዳፍኔን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የገባችው፤ የሰባት ወር ልጅ አላት። “ከደመወዜ ግማሹ ልጄን ለምትይዝልኝ ሴትዮ ነው የሚሄደው” አለች። “ስድስት ሕፃን በአንድ ክፍል ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት ስደርስ ልጄን ጋሪው ላይ አስራ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣዋለች፤ ሽንቱ ጫማው ድረስ ወርዷል። ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ብያት ወጣሁ። ብቆጣት ነገ ማን ይይዝልኛል?” ሉቾ ድንቹን ሳይጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

ወዲያው በሬዲዮው አንዲት ጠበቃ አሁን ያለውን ሕግ ማስረዳት ጀመረች። ሃያ ሴትና ከዚያ በላይ የቀጠረ ድርጅት፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆቻቸው የሕፃናት ማቆያ ወጪ ይሸፍናል፤ ከሃያ ካነሱ ግን ግዴታ የለበትም አለች።

ዶኛ ኤልሲራ ዙሪያውን እያዩ በጣታቸው ቆጠሩን። አሥራ ዘጠኝ አሉ። ዳፍኔ ተነሥታ ደገመችው። ሉቾም “ሴቶች ሒሳብ አይሆንላችሁም” ብሎ ራሱ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ ነን።

መጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ዶኛ ኤልሲራ ባለፉት ዓመታት የተሰናበቱትን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ከካልቡኮ የመጣችው ስትቀጠር ማሪትሳ ወጣች። መንታዎቹ እኅትማማቾች ሲገቡ በዚያው ወር ሁለት ሴቶች ወጡ። ለሁሉም የተሰጣቸው ወረቀት ቃሉ አንድ ነው፤ “ድርጅቱ ባጋጠመው አስገዳጅ ሁኔታ ምክንያት።” በመጨረሻ የአንቺን ስም ጠሩ። “እሷ ዓርብ ዕለት ወጣች” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ ሰኞ አይደለም እንዴ የገባሽው?”

ሰኞ ነው አልኳቸው።

ማንም በክፉ ዓይን አላየኝም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እነሱ የደረሱበት ግማሹ ላይ ነው። የቀረውን እኔ ብቻ አውቀዋለሁ።

ያን ሐሙስ ታስታውሺያለሽ? የፋብሪካው ባለቤት ዶን ኤላዲዮ ዘንድ ለሥራ ስትወስጂኝ፣ በሩ ጋ ከመድረሳችን ክንዴን ይዘሽ፣ “አንቺ ስትገቢ ሃያ እንሞላለን። ያኔ ማቆያውን በሕግ እንጠይቃለን፤ አይሌንንም ከዚያ ከጨለማ ክፍል አወጣታለሁ። ውሉን እስክትፈርሚ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ” አልሽኝ። እኔ እንደሆንኩ ሕጉን አላውቅም። ሥራ ላገኝ ነው እያልኩ ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ጣልኩት።

ዶን ኤላዲዮ ደግ ሰው መሰለኝ። ወንበር ሳበልኝ። ልጅ አለሽ ወይ ሲለኝ፣ አለኝ፣ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፣ እናቴ ትይዝልኛለች አልኩት። ይህ ደስ አሰኘው። ከዚያ እየሳቀ፣ “ፊትሽ ላይ የሚነበበው ደስታ ለሥራው ብቻ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት።

ሳቁን እንኳ አላቋረጠም። ብዕሩን አስቀመጠና “አበልጅሽ ጎበዝ ሴት ናት” አለኝ። ስላመሰገነልኝ ኮራሁ። በማግስቱ ወረቀቱ ተሰጠሽ።

ሁለቱን ቀን አንድ ላይ አድርጌ አስቤ አላውቅም ብልሽ ታምኚኛለሽ? አይሌንን አዝለሽ፣ ሻንጣሽን ጎትተሽ ስትሄጂ ዕድሏ ነው ብዬ አልቅሼልሻለሁ። የአንቺን ቦታ ይዤ፣ በአንቺ ቢላ እየፈለፈልኩ፣ ለአንቺ ሻማ አበራሁ። ያን ቀን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወርድብኝ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ዳፍኔ በር አንኳኩታ “አሞሻል?” ስትለኝ፣ ሆዴን ነው አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ከምክር ቤቱ የመጡ ሰዎች የሕዝቡን አስተያየት ለመስማት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። ሁላችንም ሄድን። ሉቾ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ልጅ የወለደ ራሱ ያሳድግ፣ መንግሥት ለመንገዱ ጉድጓድ እንኳ አልደረሰም ብሎ ተናገረ፤ አጨበጨቡለት። ቀጥሎ ዶን ኤላዲዮ ተነሣ። የእሱ ድርጅት በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት አሰናብቶ እንደማያውቅ፣ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ የሆነው በአጋጣሚ እንደሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ቄስ አስረዳ።

ስነሣ አላስተዋልኩም። ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት። “ዶን ኤላዲዮ፣ አጋጣሚ አይደለም” አልኩት። “ሃያ ልንሞላ እንደሆነ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። በማግስቱ አበልጄን አባረሯት።” ከዚያ ያንን ሐሙስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ለመጡትም ሰዎች፣ “ወጪው የአንድ ቀጣሪ ብቻ እስከሆነ ድረስ እንቆጠራለን። ሁሉም ካዋጣና መንግሥት ከያዘው ግን እኛን መቁጠር ለማን ይጠቅማል?” አልኳቸው። ይህን ያህል መናገር እንደምችል አላውቅም ነበር።

ዶን ኤላዲዮ አላስታውስም ብሎ ተቀመጠ። ስንወጣ ሉቾ በጭነት መኪናው አሳፈረን። “ግብር መጨመሩን አሁንም አልወደውም” አለ መሪውን እያየ፤ “ሰው እንደ ዛጎል ከረጢት መቆጠሩን ግን አላውቅም ነበር።” ዶኛ ኤልሲራ ደጃቸው ሲደርሱ፣ ከመውረዳቸው በፊት፣ “ያን ሁሉ ሕዝብ ይቅርታ ጠየቅሽ። እሷንስ?” አሉኝ።

ሕጉ ገና እዚያው ምክር ቤት ነው። ዶን ኤላዲዮ አላባረረኝም፤ ሰው ሁሉ እያየው እንዴት ያባርረኛል? ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አዛወረኝ። ዳፍኔ ልጇን አሁንም ያችው ሴትዮ ጋ ታውላለች። ረቡዕ ዕለት ግን የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መጥታ የተሰናበቱትን ሴቶች ስም ጠየቀች። ዶኛ ኤልሲራ የስምንት ሴቶች ስም አስመዘገቡ። የአንቺን የማስመዘግበው እኔ እንደሆንኩ ነግረው ለእኔ ተዉልኝ።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ስንሰነባበት ሳኡልን ስመሽ፣ ከዚያ ጉንጬን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ “አንቺ ሆድሽ ውስጥ ነገር አያድርም። አይዞሽ፣ በክፋት አይደለም” ብለሽኝ ተሳፈርሽ። ያኔ ስለምን እንደምትናገሪ አልገባኝም፤ ለመሰናበቻ የተባለ ደግ ቃል መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ለልጄ ልደት ስጦታ ስትልኪ አንድ ቀን አላስቀረሽም። ስለዚህ ያኔውኑ ታውቂ እንደነበር አልጠይቅሽም። ብትመልሺልኝ የምቋቋመው አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪዋ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብላለች። ስምሽን እንድሰጣት ከፈቀድሽ በአንዲት መስመር ጻፊልኝ። ካልፈቀድሽ ወይም ዝም ካልሽ፣ ማንም ቢጠይቀኝ፣ በምንም ቢያባብለኝ፣ ከአፌ አይወጣም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ። አይሌንን ያሳድግልሽ፤ የምታርፍበት ሞቅ ያለ ቤት፣ በደግ ዓይን የሚያያት ሰው አያሳጣት። እናቴ በጸሎቷ ስምሽን ሳትጠራ አትተኛም። አበልጅሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን ግን አንቺ እስክትዪኝ ልጠብቅ።

የሳኡል እናት