ለኮምፒውተር ማን ቄስ ይጠራል

ለምሳሳልሽ እኅቴ ለመቅደላ፤

እንደምን ነሽ? እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ እንደ ልብሽ ታገኛለሽ? በኩዌትም ብርድ አለ ይሉኛል፤ እውነት ከሆነ ደርበሽ ልበሺ፣ እንደ ልጅነትሽ «አይበርደኝም» እያልሽ ሰው አታስጨንቂ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን እያማረረችም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የሚቀድማት የለም። ባለቤቴ ኤልሳቤጥ እንደምታውቂያት ናት፤ እኔን እየተቆጣች ቤቱን ታቆማለች። ልጃችን ሚኪያስ ሁለት ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ትናንት የማውሱን ገመድ ሊበጥስልኝ ምንም አልቀረው።

ይህን ደብዳቤ የላክሁልሽ በጋሽ ገበየሁ የልጅ ልጅ እጅ ነው፤ ነገ ወደዚያው ትመለሳለች። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይ። አሠሪሽ ስልክሽን የምትለቅልሽ ዓርብ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ እማዬ ከጎኔ ንቅንቅ አትልም። ባለፈው ዓርብ በኮምፒውተሩ ስንገናኝ፣ ከእማዬ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡትን ሴቶች አየሽና «ማን ሞቶ ነው?» ብለሽ ጮኽሽ። እኔም «ማንም አልሞተም፣ ማኅበር ነው» ብዬ አለፍሁት። ማኅበር አልነበረም እታለሜ። ለቅሶ ነበር። የሚለቀሰውም ለአንቺ ነበር። አትደንግጪ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ጥፋቱ የእኔና የአንድ ኮምፒውተር ነው።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ ከሥሩ ልጀምርልሽ። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍላችንን የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ካደረግኋት ወዲህ፣ የመርሳም የጎረቤታችን የግራናም ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ተማሪው ፎርም ያስሞላል፣ ሠራተኛው ደብዳቤ ያስጽፋል፤ ከፍላሹ ጋር ግን ቫይረሱም ይገባል። ስለዚህ አንድ አንቲቫይረስ ጫንሁ። ይህ አንቲቫይረስ የራሱ ፋየርዎል አለው፤ ፋየርዎል ማለት ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈትሽ ዘበኛ በይው። እኔ ግን አንድ ዘበኛ አልበቃኝም። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብዬ ሌላ ፋየርዎል ደረብሁበት። ኤልሳቤጥ «አንዱ አይበቃህም?» ስትለኝ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቂያለሽ አልኋት። አሁን ይህን ቃል በቀን አንዴ ሳታነሳብኝ አትውልም።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ዓመል አወጣ። ብቻውን ሲሆን እንደ በሬ ይሠራል፤ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ማን ይስተካከለዋል። ኢንተርኔት ላይ ቀለል ያለ ገጽም ይከፍታል። ዓርብ አንቺ ስትደውዪ ግን፣ ደወሉ ገና እንደ ጀመረ ፊትሽ ሳይመጣ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል፤ ከዚያ ድርግም ብሎ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። በመጀመሪያው ዓርብ መብራት ነው አልሁ። በሁለተኛው አቧራ ነው ብዬ ሆዱን ከፍቼ በብሩሽ ጠረግሁት። በሦስተኛው ደግሞ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ክፍሉን አስለወጥሁ። እሱ እቴ፣ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ሰማያዊ።

እኔ ከማሽኑ ጋር ስታገል እማዬ ሌላ ነገር ስትመለከት ነበር። ቅርብ ያለ ነገር ዓይኗ ስለማይለይላት በስልክ ቪዲዮ ማየት አትችልም፤ እንደምታውቂው አንቺን የምታገኝሽ በዚያ ሰፊ ስክሪን ነው። አሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር ደወልሽ ይሰማና ፊትሽ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ላቤ እየወረደ ከባለሙያ ጋር በስልክ እንሾካሾካለሁ፤ እሷ ስትገባ ዝም እላለሁ፤ «ምንድን ነው?» ስትለኝ «ምንም አይደል፣ ኔትወርክ ነው» እላታለሁ። አገራችን ሞት እንዴት እንደሚደበቅ ታውቂያለሽ። መርዶው እስኪነገር ድረስ ቤተ ዘመድ ሁሉ ምንም አይደል እያለ ነው የሚሰነብተው። በድምፅ ብቻ ባገናኛችሁስ ብዬ ስልኩን በጆሮዋ ብይዝላት፣ አዳምጣ አዳምጣ ስልኩን መለሰችልኝና «ይቺ ታንጉት ናት» አለች። የውርጌሳዋ የአክስታችን ልጅ ድምፅ ካንቺ ድምፅ እንደማይለይ ረስቼው ነበር። እኛ ታንጉትን በአንቺ ፈንታ እያናገርን የምናታልላት መሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ፊቷን ሳላይ እህል አልቀምስም» ብላ ከውኃና ከተልባ በቀር አልወስድም አለች።

መቅደላዬ፣ እዚህ ላይ በጣም ፈራሁ። ሽማግሌ ሰው ምግብ ሲተው ምን እንደሚሆን አይተናል። ስለዚህ ዘዴ የፈጠርሁ መስሎኝ፣ ወልድያ ኮምፒውተር የሚጠግነውን አብሮ አደጌን ቶፊቅን ዓርብ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንዲመጣልኝ ለመንሁት። እሱም የጁምዓ ሶላት ሳይደርስ ሊጨርስ ነው። እሱ ሲሠራ እማዬን የሚያጽናናልኝ ሰው ብዬ ደግሞ የነፍስ አባቷን መምሬ ማሩን ጠራሁ። እሷ የምትሰማቸው ሰው ናቸው ብዬ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ገበየሁንም ጨመርሁ። ሦስቱንም በማለዳ ኑልኝ አልኋቸው። አየሽ ወንድምሽን? መርሳ ተወልጄ መርሳ አድጌ፣ ቄስና የእድር ዳኛ ጎሕ ሲቀድ አንድ ቤት በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ አንድም ጊዜ አልታሰበኝም።

እማዬ ግቢ እየጠረገች ነበር። መምሬ ማሩ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጋሽ ገበየሁ በብርዱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ቶፊቅ ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ ከኋላ ሲገቡ ቀና ብላ አየቻቸው። ሰላምታም አላስጨረሰቻቸው። መጥረጊያውን ጣለችና «አውቄዋለሁ፤ ልጄን እንደ ቀበራችኋት አውቄዋለሁ!» ብላ ስምሽን እየጠራች ደረቷን ደቃች። ጋሽ ገበየሁ ደንግጠው «ወይዘሮ ንግሥት፣ ኧረ የመጣነው ለኮምፒውተሩ ነው» ቢሏት፣ በእንባዋ መካከል ዞር ብላ «ለኮምፒውተር ማን ቄስ ይጠራል!» አለቻቸው። እውነቷን ነው።

ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትወደጂ ስለሆንሽ ማን ሊጠይቅ፣ ሁሉም እያለቀሰ ነው የገባ። እኔ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሮጥሁ «አልሞተችም፣ ደህና ናት» ብል «አይዞህ ልጄ፣ ወንድ አይደለህ» እያሉ ጀርባዬን ይመቱኛል። የሚያምነኝ የለም፣ ሐዘን አሳበደው ነው የሚሉኝ። ስልክሽ ላይ ብደውል ዝግ ነው፤ እስከ አራት ሰዓት እንደማትከፍቺ አውቃለሁ። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳን ተሸክመው በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ገበየሁ «እኔ ዳኛው ሳላዝ ማን አዘዛችሁ?» ብለው መለሷቸው። ወዲያው ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ ያን ዕቃ ቶሎ አሠራው፤ አለዚያ የምንቀብረው እንፈልጋለን» አሉኝ።

ቶፊቅ ምስኪን «ያ ረቢ!» እያለ ገባና በሩን ዘጋን። መጀመሪያ የጠየቀኝ የኢንተርኔቱ ገመድ ሲነቀል ይጠፋ እንደሆነ ነው። አይጠፋም አልሁት። «ታዲያ ራሙ ምን በድሎህ ለወጥኸው?» አለኝ። ከዚያ በሰማያዊው ስክሪን ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን ስም አነበበ፤ የኔትወርክ ድራይቨሩ ስም ናት። ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። የእኔው አስተርጓሚ ደግሞ ለማንኛውም ኮምፒውተር ይሆናል ከተባለ ሲዲ የጫንሁት ያረጀ ኖሯል። ሁለቱ ፋየርዎሎች እሱ ላይ ተሰክተው ያለፈውን ሁሉ እየነጠቁ ይፈትሻሉ። ለቀላል ገጽ ይቻላቸዋል። ቪዲዮ ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚያጎርፍ፣ ሁለት ዘበኛ አንድ እንግዳ በግራና በቀኝ ይዘው ሲጓተቱ በሩ አብሮ ይወድቃል።

አንዱን ፋየርዎል አጠፋና ወልድያ ወዳለው ሱቁ በቪዲዮ ደወለ። ሰማያዊ! በዚያችው ቅጽበት ውጭ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ኡኡታው ቀለጠ፤ እኔም እውነት እውነት የሞትሽ ይመስል እንባዬ መጣ። ቶፊቅ ግን ቀስ ብሎ፣ ፋየርዎሉ ቢወጣም መንጠቆውን ድራይቨሩ ላይ ትቶ እንደሚሄድ ነገረኝ። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነሣው፤ ይህ የግድ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላውን ሁሉ ሳይጭን የሚነሣበት መንገድ ነው። ሁለቱንም ፋየርዎሎች ከነሥራቸው ነቀለ፣ አሮጌውን ድራይቨር አወጣ፣ ካርዱን ከሠራው ድርጅት ያወረደውን ትክክለኛውን ከፍላሹ ጫነ፤ ለጥበቃ የዊንዶውሱን የራሱን ፋየርዎል ብቻ ተወልኝ። እንደገና ወደ ሱቁ ደወለ። የባልደረባው ፊት መጣ፣ አወራ፣ ሳቀ፣ አልጠፋም። ቶፊቅ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግንባሩን ጠረገ፤ እኔም አንገቱን አንቄ ሳምሁት።

እማዬን ወደ ውስጥ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነበር። «ሥዕሏን ልታሳዩኝ ነው?» ብላ እንቢ አለች። መምሬ ማሩ ደግፈው አስገቧት፤ ሴቶቹም ተከትለዋት ገቡ። አራት ሰዓት ሆነ፣ ደወልሽ ተሰማ፣ ፊትሽ መጣ። አንቺ «እማ፣ ቁርስ በላሽ?» ስትይ እሷ ምንም ሳትመልስ የላማችንን ስም ለምን እንደ ጠየቀችሽ አሁን ገባሽ? ሥዕል አለመሆንሽን ልታረጋግጥ ነበር። ግራ ገብቶሽ «ቦራ ናት እንጂ ሌላ ማን ልትሆን» ብለሽ ስትስቂ ነው ያ ሁሉ ለቀስተኛ እልል ያለው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ለቀስተኛውም ሳይበላ አልሄደም። ለሐዘን ተብሎ የተቀቀለው ንፍሮ፣ ከየቤቱ የመጣው ሽሮና ምስር ሁሉ ቀረበ። ዓርብ ጾም በመሆኑ ሥጋ የለበትምና ቶፊቅም ከመምሬ ማሩ ጋር ከአንድ ትሪ በልቶ ወደ ሶላቱ ሄደ። እማዬ በላች፤ ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ከዚያ በመምሬ ፊት መስቀል አስመትታ አስማለችኝ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ስለ አንቺ የሰማሁትን በዕለቱ ልነግራት፣ ከእንግዲህ «ምንም አይደል» የምትለውን ቃል በዚህ ቤት ላልናገር ማልሁላት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሚኪያስን ታቅፋ ተቀመጠችና አንድ ነገር አለችኝ። መቅደላ ስትስቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷን በሁለት እጇ ነው የምትሸፍነው፣ ዛሬ ግን በቀኟ ብቻ ሸፈነች፣ ግራ እጇ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለም አለችኝ። እኔ አላየሁም። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ስክሪኑ ሰማያዊ እንዳይሆን ነበር የሚጠብቀው።

እኅቴ፣ ተቃጥለሽ ነው? ተሰብረሽ ነው? ወይስ ሰው ጎድቶሽ? እኛ እንዳናዝን ብለሽ እንደምትደብቂ አውቃለሁ፤ በአንዲት ቀን ግን እዚህ ቤት ውሸት ምን እንዳደረገ ይኸው ጻፍሁልሽ። ለእኔ የምትነግሪኝን ለእሷ እነግራታለሁ፣ ምያለሁና። አልችል ካልሽ ነይ። ሥራው ቢቀር ይቅር፣ አንቺ ብቻ ነይ፤ ቤትሽ ነው፣ አልጋሽም እንደ ተነጠፈ ነው። በጣም እወድሻለሁ፤ ይህን በስልክ ማለት ስለማፍር በወረቀት ልበልሽ።

ኤልሳቤጥ በጣም አድርጋ ትስምሻለች፤ የላከችልሽን ሽሮና በርበሬ ለብቻሽ ደብቀሽ ብዪ ብላለች። ሚኪያስ አያውቅሽም፣ ግን ስክሪኑ ላይ ስትመጪ እጁን ያወናጭፋል። ታንጉት ድምፄ ነው ጥፋተኛው ብላ እየሳቀች ሰላም ብላሻለች። ጋሽ ገበየሁ ድንኳኑን ለሠርግሽ አስቀምጠነዋል ብለዋል። መምሬ ማሩ በጸሎት ያስቡሻል። ቶፊቅ አላህ ይጠብቅሽ ብሎሻል። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት፣ ዓርብ ስክሪኑ ላይ ስትመጪ ሁለቱንም እጆችሽን አሳዪኝ ብላለች።

ወንድምሽ ፍሬሰላም
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.