ደጋሽ ያጣ ደቦ

ግንቦት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ ዙሪያ

የትምህርት ቤቱ ጣራ ዛሬ ተከደነ። ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ሳሩን ማን እንደሚያመጣ ሁሉንም እኔ መምህሩ አቅጄ ነበር፤ የረሳሁት የደቦውን ደጋሽ ነው። ግድግዳው ወገብ ላይ ሲደርስ ሰው መምጣቱን ተወ። ምነው ብዬ የመንደሩን ሽማግሌ አባ ወልዱን ጠየቅኋቸው።

«ደቦውን የጠራን ማን ነው?» አሉኝ።

«ሥራው የሰፊው ሕዝብ ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ሰፊው ሕዝብ ጠላ ይጠምቅልናል?»

ሚስቴ ጠመቀች፤ ሰዉም ጠላው በደረሰ ማግስት መጣ። ይኸው ሥራው አለቀ።

አሁን ግን አባ ወልዱ ሳይቀሩ ሁሉም «የመምህሩ ቤት» ይሉታል። «ኧረ የሕዝብ ነው!» ስላቸው «የደገሰው ማን ሆነና?» ብለው ይስቃሉ። ነገ ካድሬው ሊመርቀው ይመጣል። ሕዝቡን ወክለው የሚናገሩት ደግሞ አባ ወልዱ ናቸው።