ጨፌው፣ ጓሮአችን፣ አውድማው

ጥቅምት 7

የጥቅምት 3ን ልጻፍ። ጧት ነው። ሽንኩርት ልኮተኩት ዶማ ይዤ ከቤት እወጣለሁ። በሩ ላይ ጎረቤቴ ዘነበች፣ ወንድሜ ታደሰና የንስሐ አባታችን ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባኝ። ዶማው ከእጄ ወደቀ።

ልጄ ሰብለ። አዲስ አበባ። ሦስት ቀን ታማ። ለኔ በስልክ ጉንፋን ነው ነበር ያለችኝ።

ማታውኑ ሰምተው ኖሯል። ትተኛ ብለው ደበቁኝ። እኔም ተኛሁ። ያንን እንቅልፍ ይቅር አልለውም።

በማግስቱ አምጥተው እዚሁ አገሯ ጎረቤላ ቀበርናት።

አንተ ደብተር፣ የኔ አይደለህም፣ የሷ የምርምር ደብተር ነህ። ለእንቁጣጣሽ መጥታ መደርደሪያው ላይ ረስታህ ሄደች። ደውላ፣ እማዬ ጠብቂልኝ አለች። ከኋላ በኩል ባዶ ነህ። እጄ ዘገምተኛ ነው፤ ት/ቤት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ታገሠኝ።

ጥቅምት 15፣ ከሰዓት

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀነሰ። ዛሬ ከፊት በኩል ገለጥኩህ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ አለፍኩት። አማርኛውን ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ።

ስለ ሴል ነው። ሰውነታችን የተሠራበት ትንሹ ሕይወት ያለው ነገር ማለት ነው፣ አንድ ቀን ነግራኛለች። ዐይን የለው፣ እግር የለው፣ ግን ይጓዛል። ቁስል ሲድን ከዳር ወደ መሃል እየተጓዙ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ማጭድ የቆረጠኝን አውራ ጣቴን አየሁት። እዚህ ላይ አልፈው ሄደዋል ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላውቃቸውም።

የሷ ጥያቄ፦ የሚጓዙበት ወለል ለስላሳ ወይም ጠንካራ ሲሆን አካሄዳቸው ምን ይሆናል? እንዲህ ጽፋለች፦ «ሴሉ ወደፊት ይዘረጋል። ይይዛል። ራሱን ይጎትታል። ከኋላ ይለቃል። በጣም ለስላሳ ላይ የሚይዘው ያጣል። በጣም ጠንካራ ላይ አጥብቆ ይይዝና መልቀቅ ያቅተዋል። መሃሉ ላይ ይፈጥናል?» ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ዐይን ከሌለው ጥንካሬውን በምን ያውቃል? ስጠይቅ ዋልኩ። አህያችን ረግረግ ስትደርስ የፊት እግሯን ታሳርፋለች፣ ጫን ታደርጋለች፣ ከሰመጠባት ትመልሳለች። እንደሷ ይሆን? እየጎተተ፣ መሬቱ እሺ ሲለውና እምቢ ሲለው?

የምጠይቃት እሷን ነበር።

ጥቅምት 22

አላስችል አለኝ። ወለሉ ጄል የሚሉት ነገር ነው ይላል፤ እንደ ውሃው መጠን ይልላል፣ ይጠናል። ስለዚህ ሦስት አበሰልኩ፦ ሙቅ፣ ልል ገንፎ፣ ድርቅ ያለ ገንፎ። ሦስት ሳህን ላይ አቀዘቀዝኩና ጉንዳን ለቀቅኩባቸው። ሙቁ ላይ ሰመጠ፣ በስንጥር አወጣሁት። ልሉ ላይ እግሩን አንድ በአንድ እየነቀለ ሄደ። ደረቁ ላይ ሮጦ ከሳህኑ ወረደ።

በዚህ መሃል ዘነበች ገባች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኧረ የኔ እናት! በሐዘን ቤት ገንፎ? ማን ወለደ?»

«ለጉንዳን ነው» አልኳት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ በያታ!»

ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ጥቁር ቀሚሴን አይቼ አፈርኩ።

ደረቁ ላይ ሮጠ እንጂ መልቀቅ አላቃተውም። እሷ ተሳሳተች? አይደለም። ጉንዳን ጥፍር አለው፣ ሴል የለውም። የኔ ሙከራ ነው የተሳሳተው። ገንፎውን ለውሻው ሰጠሁ።

ኅዳር 5፣ 8 ሰዓት

እንግዳ መጣ። ራሔል ትባላለች፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሰብለ ጋር የምትሠራ። ከሲታ፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። አልቅሳ ስትጨርስ የመጣችበትን ነገረችኝ።

ሰብለ ሴሎቹን ሦስት ዓይነት ወለል ላይ አስኪዳለች። ፍጥነታቸውን የሚለካው ሰው የትኛው ለስላሳ እንደሆነ ካወቀ ዐይኑ ያደላል። ስለዚህ ከራሔል ደበቀች፤ ሳህኖቹ ላይ ስም ብቻ ጻፈች። ራሔል ለካች። ፍቺው ግን የትም የለም። ከፍጥነቱ መገመትም አይቻልም፤ ለስላሳውም ጠንካራውም ሊያዘገይ ይችላልና። እዚህ ደብተር ውስጥ ይኖራል ብላ መጣች። ገጽ በገጽ አየን። የሦስቱ ወለል ውህድ ልክ አለ። የትኛው ስም የየትኛው እንደሆነ የለም።

ስሞቹን ጠየቅኳት። አነበበችልኝ፦ ጨፌው፣ ጓሮአችን፣ አውድማው።

የኛው ሰፈር እኮ ነው! ት/ቤት ስትሄድ በየቀኑ የረገጠችው። ጨፌው ያሰምጣል አልኳት። ጓሮአችን የተኮተኮተ አፈር ነው፣ መሃል። አውድማው በእበት የተለቀለቀ፣ ከብት የረገጠው፣ ጠንካራ። ራሔል ስክሪብቶዋን አወጣች፣ ከዚያ መልሳ ከደነችው።

«እትዬ አስካለ፣ እርግጠኛ ነዎት? እርግጠኛ ከሆኑ ሥራው እንዳለ በስሟ ይወጣል። ካልሆኑ ሦስቱንም እንደገና ነው። ወራት ይፈጃል። ይፈቀድልኝ እንደሆነም አላውቅም።»

እስከ ነገ ስጭኝ አልኳት።

ቀጥሎ የኋላውን ገጽ ገለጠች። «ወይኔ እትዬ! እዚህ ላይ ጻፉበት እንዴ?» ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ አንድም አይቀደድም፣ ከተቀደደ ደብተሩ አይታመንም አለች። ዋናው ቤተ ሙከራ መቀመጥ አለበት። ፎቶ አይበቃም። ስለ ጉንዳኑ እዚያ ያነቡታል ማለት ነው።

አልሰጥም አልኳት። የእጅ ጽሑፏ ነው። ሌላ የለኝም። ራሔል ከድና መለሰችልኝ።

ኅዳር 6፣ ጧት

ጨፌው ድረስ ወረድኩ። ዘነበች አብራኝ። ዳሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። መሃሉ ገና ያሰምጣል። ቆምኩበት። እዚህ ነው በሰባት ዓመቷ በክረምት እስከ ጉልበቷ ሰምጣ አንድ እግር ጫማዋን ያስቀረችው። ስታለቅስ ይታየኛል። ለስላሳ ነው፣ አበቃ።

ግን እዚሁ ነው ልጆች በበጋ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ወድቃ አገጯ የተሰነጠቀው። ደሟን እየጠረግኩ፣ እማዬ ድንጋይ እኮ ነው አለችኝ።

በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ድንጋይ። ስሞቹን የሰጠችው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው ይላል ደብተሩ። የትኛውን ጨፌ አሰበች? ጫማዋን ወይስ አገጯን?

ዘነበች ተቆጣች። «ለስላሳ ነው በያት! ማን ይጠይቅሻል? ጨፌው ይመሰክራል?»

እውነቷን ነው። ማንም አያውቅም። አፌ ላይ ነበር። ግን ልጄ ዐይን እንዳያደላ ብላ ከጓደኛዋ ደበቀች። አሁን እኔ እናቷ ላደላላት?

ኅዳር 6፣ ቀትር

ነገርኳት። ጓሮአችን ከአውድማው ይለሰልሳል፣ እምላለሁ። ጨፌውን አላውቅም፤ ድንጋዩን አስባ ከሆነ ጓሮአችን መሃል መሆኑ ይቀራል።

ራሔል፣ ቢዋሹኝ አምንዎት ነበር አለችኝ። ሦስቱንም እንደገና ትሠራለች። የውህዱ ልክ ግን ያለው አንተ ውስጥ ነው። ካልፈቀዱልሽስ አልኳት። ትለምናለች። ከፈቀዱ ስሟ ይቀድማል፣ ጥያቄው የሷ ነውና።

ብቻዬን ጓዳ ገባሁ። ደረቴ ላይ ይዤህ ተቀመጥኩ። ያሰመረችበትን እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ወጥቼ፣ ውሰጂው አልኳት።

ኅዳር 6፣ 9 ሰዓት፣ መናኸሪያ

ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ነው። ራሔል ጎኔ ተቀምጣለች፣ አታቻኩለኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልኩን ስትፈልጉ የኔን ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አይቀደድም ስላላችሁ ነው፣ ይቅርታ። ሴሎቹ መሃሉ ላይ ይፈጥኑ እንደሆነ ስታውቁ፣ ራሔል ትደውልልኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ባይፈጥኑም ንገሩኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ኅዳር 11 አርባዋ ነው። ያለፈ ቀን ብታነቡትም አይዘገይም። በናንተ ወረቀት ስሟ ሰብለ ነው። ክርስትና የተነሣችበት ግን ሌላ ነው፤ ቤ/ክ የምትጠራው በዚያ ነው። በየእምነታችሁ፣ ደብተሩን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነፍሷን ይማር በሉ።

ሹፌሩ እየጠራ ነው። ራሔል እጇን ዘርግታለች።

ወለተ ሥላሴ ብላችሁ ጸልዩላት።